የደፈንኩት ቦይ

በዴሳ፣ ግንቦት 4 ቀን 1957 ዓ.ም.

ውድ ጩማ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ደህና ነኝ ይባላል። እኔ ግን ደህና አይደለሁም፤ ናፍቀኸኛል፣ ደግሞም ያዘዝከኝን አፍርሻለሁ።

ሸንኮራ እርሻው ከገባህ ሦስት ዓመት ሞላህ። አምና «እዚህ ረግረጉን በቦይ አድርቀው ነው መሬት የሚያወጡት፤ አንቺም ከቤታችን በታች ያለውን አስቆፍሪና በቆሎ ዝሪበት፤ ምርት ከሰጠ ጠቅልዬ እመጣለሁ» ብለህ ጻፍክልኝ። ይቺን «እመጣለሁ» ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ከጎረቤታችን ከኤርካሎ ጋር ራሴ ቆፈርኩ። ውሃው ወደ ወንዙ ሄደ።

በቆሎው አማረ። ውሸት አልጽፍልህም፣ ቁመቱ ከእኔ ይበልጥ ነበር። እናትህ ሳትቀር መረቀችኝ።

በጥር ግን የታችኛው ምንጭ ነጠፈ። እናትህ በዕድሜዋ እንዲህ አይታ አታውቅም። «ልጄ፣ ረግረጉ የክረምቱን ውሃ ለበጋ የሚያስቀምጥልን ጋን ነበር፤ አንቺ ከሥሩ በሳሽው» አለችኝ። እንስራ አዝለን ወንዝ ድረስ መውረድ ጀመርን። ቤት የምንከድንበት ሣር፣ ሰሌን የምንሠራበት ደንገል ደረቀ። ዳክዬዎቹ ሄዱ። አንተ «እንደ ዳኛ ነው የሚቆመው» የምትለው ሽመላም ሄደ። በዚያ ጭቃ ውስጥ ስንት ነፍስ ይኖር እንደነበር የገባኝ ዝም ሲል ነው።

ደግሞ ለሰው የማይነገር ነገር አለ። እኔንና አንተን ያገናኘን አልቅት ነው። ደንገል ስታጭድ ባትህ ላይ ተጣበቀ፤ ያን የሚያህል ጎረምሳ ፊትህ ገረጣ። እየሳቅሁ ከገበያ በያዝኩት ጨው አስለቀቅሁልህ። «ነገም ጨው ይዘሽ በዚህ ታልፊያለሽ?» አልከኝ። ያንን ቦታ በደረቁ መሬት ላይ ፈለግሁት፤ ያለው የበቆሎ አገዳ ብቻ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በመጋቢት ቦዩን ደፈንኩት። ኤርካሎ «ባልሽ ምን ይላል?» አለኝ። «መጥቶ ይናገር» አልኩት። አፌ ነው እንጂ ልቤስ ፈርቷል።

ዝናቡ ሲጥል ውሃው ተመልሶ ተኛ። እንቁራሪቶቹ ቀድመው መጡ፤ ምንጩም እየሞላ ነው። ሽመላው ገና ነው።

እንግዲህ ዘንድሮ በቆሎ የለም፣ ጩማ። የምትመጣው ለእሱ ከነበረ ሸንኮራህን ያዝ፤ አልቀየምህም ብል ግን ውሸት ነው። ለእኔ ከሆነ በታችኛው መንገድ ና። ጫማህን አውልቅ፣ ውሃው ጉልበት ይደርሳል። አልቅቱም ተመልሷል።

ጨው ይዤ እጠብቅሃለሁ።

ያንተዋ አሳየሽ