የዳማከሴ ምስክር

ከአምበር አጠገብ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ ለባዘዘው፤

እንዴት ሰንብተሃል? ጫካውስ እንዴት ይዞሃል? እኔም ላሞቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዛሬ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም የጻፍኩት፤ ልኩራብህ ነው!

ያ ግንባሬን ሲወቅረኝ የኖረው፣ ወጥ ሲያር እንኳ እንዳላሸት ያደረገኝ የአፍንጫ መዘጋት ለቀቀኝ። እማሆይ አመተ ማርያም ዳማከሴ ጨምቀው፣ ባሕር ዛፍ ቀቅለው፣ ኩታ አከናንበው ዘጠኝ ጠዋት አጠኑኝ። አንተ "የባልቴት ቅጠል፣ ማን አይቶለት?" ትል አልነበር? ዋሽቼ አላሞግስም፤ አብራኝ የታጠነችው ጎረቤታችን ጤናዬ ምንም አልተሻላትም። እኔ ግን ድኛለሁ፤ ምስክሬንም ስማ።

ባለፈው ሳምንት እሑድ አንድ ጎፈሬው የተንጨባረረ፣ ቡትቶ የለበሰ ሰው መጣ። "አንሙት እባላለሁ፣ የባዘዘው ጓደኛ ነኝ። እሱ ቆስሏል፤ መድኃኒት ይዤለት ስመጣ ሰፈራቸውን ለውጠው ጠፉብኝ። የት ናቸው?" አለኝ። ቆስሏል ሲለኝ ልነግረው ነበር፣ ማርያምን! መቼም የእግዜር እንግዳ ነውና እግሩን ላጥበው ጎንበስ ስል ግን አንድ ሽታ ሽው አለኝ፤ የሽቶ ሳሙና! ጫካ የከረመ አርበኛ የሽቶ ሳሙና ከየት ያመጣል? ባንዳ ነው!

ቀና ሳልል "ወደ ዓባይ በረሃ ወርደዋል" አልኩት። እግሩን አጥቤ፣ አብልቼ ሸኘሁት። በማግስቱ ጣሊያኖቹን እየመራ ወረደልህ! ሦስት ቀን ባዶ ገደል ከበው፣ ፀሐይ ጠብሷቸው ተመለሱ። "አንተም ከሽፍቶቹ ጋር ተመሳጥረሃል" ብለው እሱኑ አሰሩት። አገሩ ሁሉ ሳቀ። እማሆይማ "ጠላትን በቅጠል!" እያሉ እልልታቸውን አቀለጡት። አሁንስ ማን አይቶለት ትላለህ? እኔም ለማንኛውም ብዬ እናቴ ዘንድ ተሻግሬአለሁ፤ አትስጋ።

አንድ ነገር ብቻ። ቆስሏል ያለው ውሸቱን ነው፤ ባንዳ ምን እውነት ያወራል! ግን ይህን ወረቀት በሚያመጣልህ ሰው "ደህና ነኝ በላት" ብለህ እንዳትልክብኝ፤ እኔ እንዳላዝን ስትል ትዋሻለህ። የለበስከውን እጀ ጠባብ አውልቀህ፣ ሳታጥብ ላክልኝ።

ጥይት ይሳትህ፤ ማርቆስ በጥላው ይጋርድህ።

ያንተው ወለላ