የአያታችን የርግብ ግንብ

ይድረስ ለወንድሜ ለእንዳሻው፤

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ ጤናዬስ ጉልበቷ ተሻላት? ልጃችሁ ኤርሚያስስ? በልጉ ዘነበላችሁ ወይ? እኔ ከነእርጅናዬ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚህ አውሮራ በግንቦትም በረዶ ጥሎብናል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ኤርሚያስ ለጥር ሠርጉ ቤት ሊሠራ ስላሰበ፣ የርግቡን ግንብ አፍርሶ ድንጋዩን ለመሠረት እንደሚፈልግ በስልክ ነግረኸኛል። ርግቦቹ ጥለውት ሄደዋል፣ ባዶ ግንብ ምን ይሠራል አልከኝ። እኔም አይሆንም ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ምክንያቱን እነሆ።

ልጄ ሔለን ቤተ መጻሕፍት እየወሰደችኝ ስለዚህ ነገር አነበብኩ። እሷማ፣ አባባ፣ እዚህ አገር ለርግብ የሚገዛው እንዳታርፍ የሚከለክል የጣሪያ እሾህ ነው ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ። በፈረንሳይ እንዲህ ያለ የድንጋይ ግንብ የሚያቆመው ባለርስቱ ነበር። ጫጩቶቹን ይበላል፣ ኩሱን ለአትክልቱ ያውላል፤ ርግቦቹ የገበሬውን ዘር ሲለቅሙበት ገበሬው እጁን ማንሳት አይችልም። አብዮት ሲመጣ ገበሬዎቹ ብዙውን አፈራረሱት።

የእኛንም ግንብ አያታችን ያሠሩት አንድ ግሪካዊ ግንበኛ መክሯቸው ነው። የርግብ ሥጋ ይጣፍጣል ሲላቸው ግን፣ መንፈስ ቅዱስ በአምሳሏ የታየባትን ወፍ ወጥ ላድርጋት ወይ ብለው ተቆጡ። ኩሱንም ለጢሰኞቻቸው የበርበሬ መደብ ያካፍሉ ነበር። በስልሳ ሰባት መሬቱ ሲወረስ ጎተራው ተከፈተ፣ ከብቱ ተነዳ፤ ግንቡን የነካ ሰው የለም። እነሱ ያልነኩትን እኛ ልናፈርሰው ነው?

ርግቦቹ ለምን እንደሄዱ ደግሞ ኤርሚያስ በላከልኝ ፎቶ አይቻለሁ። የባሕር ዛፍ ማገዶህን ግንቡን አስደግፈህ ከምረሃል። በወገቡ ዙሪያ ወጣ ብሎ የተገነባው ለስላሳ ድንጋይ ለጌጥ መሰለህ? ሸለምጥማጥ እንዳይወጣ ነው። ክምርህ ከዚያ አልፏል፤ መሰላል ሠርተህለታል። አያታችን እዚያ ላይ በትራቸውን እንኳ አያስደግፉም ነበር።

ስለዚህ ማገዶውን አንሳ። ቤቱ እንደሆነ ክረምቱ ሳይወጣ አይጀመርም፤ እስከ ጥቅምት ጠብቁ። አንዲት ርግብ ገብታ ጎጆ ከሠራች፣ ኤርሚያስ ድንጋዩን ከወንዝ ያምጣ። ካልመጣች አፍርሱት፤ ሁለተኛ አላነሳውም። በእኔና በአንተ መካከል እሷ ትፍረድ።

ኤርሚያስን፣ አጎትህ ሠርግህ የሰመረ ይሁን ብሎሃል በልልኝ። ሔለን ሰላም ብላችኋለች። ለጤናዬ ይህን ደብዳቤ አንብብላት፤ አንተ ብታመነታ፣ ጉልበቷ ቢያማትም ማገዶውን እሷ ታነሳዋለች።

ወንድምህ ውድነህ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ግንቦት ፲ ቀን ፳፻፯ ዓ.ም.