የሞያ ጉድለት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለምንይችል፤

እንደምን ሰነበትህልኝ ወንድምዓለም? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የባሕር ጨው የላጠው እጅህ ሻረልህ? ትርሐስስ እንዴት ናት? ትንሿ ታንጉትስ ጥርስ አበቀለች? እኛ በዚህ የሚያዝያ ሙቀት እንደ ሰሊጥ እየተቆላን ነው እንጂ ሌላ ክፉ አልነካንም፤ የላይኛው ይመስገን። እማዬ ደህና ናት። ፖርት ሱዳን፣ ከቀይ ባሕር ዳር እንዳለህ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ፤ ዛሬም ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ባሕር ዳር ነው» ትላለች። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ጣና ዳር ያለህ መስሏት ለወንድሟ መልእክት ልታስይዝህ መጥታ ነበር።

ስልክ እዚህ ኮረብታ ካልተወጣ አይሰማም፤ የምነግርህም በስልክ የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ጻፍሁልህ፤ የመዝገቤንም ቅጂ አብሬ ልኬልሃለሁ።

የባሕር ውሃ ከጨው የሚያጠራው ፋብሪካችሁ «ለባሕር ውሃ አርጅተዋል» ብሎ የጣላቸውን ስድስት ጥቅል የጨው ማጣሪያዎች በገዳሪፍ አሻግረህ ስትልክልኝ፣ አለቃህ «እርሻ ላይ ሦስት ወር አይቆዩም» ብሎ እንደሳቀብህ ጽፈህልኝ ነበር። የምሠራበት የአቶ እንግዳው እርሻ የጉድጓድ ውሃ ጨው የባሕሩን አንድ አሥረኛ እንኳ አያክልም። ግን ሽንኩርት ይፈጃል፣ የሎሚ ቅጠል ከጫፉ ያቃጥላል፣ ጥቁሩን ዋልካ አፈር እንደ ሊጥ ያላቁጣል። ከግንቦት 2002 ጀምሮ በየማለዳው የሚገባውንና የሚወጣውን ውሃ ጨው፣ ግፊቱን፣ በሰዓት የሚወርደውን ሊትር ስጽፍ ኖርሁ። የጉድጓዱ ውሃ ጨው በመለኪያው 4,200 ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውሃው ጣፋጭ ነው። ከማጣሪያዎቹ የወጣው በመጀመሪያው ቀን 180 ነበር፤ በዓመቱ 240፣ በሁለት ዓመቱ 310፣ በሠላሳ አራተኛው ወር 390። ማርጀት ነው፤ ሰውም ያረጃል። ግን በቀስታ፣ በወግ ነው ያረጁት። ኖራ ሲይዛቸው አንድ አንዱን እያወጣሁ በርሜል ውስጥ በሎሚ አሲድ እዘፈዝፋቸዋለሁ። ሠራተኞቹ «ሰገነት ለማሽኑ ሎሚ ታጠጣለች፣ ማሽኑ ለሎሚው ውሃ ያጠጣል፤ እኛን ማን ያጠጣን?» እያሉ ይቀልዱብኛል። በዚያ ውሃ ሁለት መቶ የሎሚ ዛፍ አድጎ ዘንድሮ የመጀመሪያ አበባውን ያዘ።

መጋቢት ላይ የመለኪያውን ባትሪ ልገዛ ሁለት ቀን ጎንደር ቆየሁ። ስመለስ ከማጣሪያዎቹ የሚወጣው ውሃ 2,300 አነበበ። መለኪያው የተሳሳተ መስሎኝ ሦስቴ ለካሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ውሃው ወደ ማጣሪያዎቹ የሚገባበትን ገንዳ ባሸተው በረኪና ነው! ለካ የእርሻው አለቃ ይስማው፣ ገንዳው አረንጓዴ ለብሶ ቢሸተው፣ ቤት ውስጥ እንስራ እንደሚታጠበው ሊያነጻው ፈልጎ አፍስሶበታል። ማጣሪያው ደግሞ ጨው ችሎ በረኪና አይችልም። በዚህ አልፈርድበትም፤ በረኪና እንደሚያቃጥለው ነግሬው አላውቅም፣ ያ የኔ ጥፋት ነው፤ በመዝገቤም ጽፌዋለሁ። የምፈርድበት ስጠይቀው ዓይኔን እያየ «እኔ ገንዳውን በእጄም አልነካሁ» ስላለኝ ነው።

በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አቶ እንግዳውም የይስማውን ክስ ሰምተው ከጎንደር መጥተው ነበር። ጸሐፊዋ መንበረ አንገቷን ደፍታ «ወይዘሪት ሰገነት በሞያ ጉድለት ማሽኑን ስላበላሸች ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብታለች» ብላ አነበበች። ይስማው ከኋላ ሆኖ «ድሮስ የሴት ልጅ ሞያ ጓዳ አይደል?» አለ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የተማርሁት፣ ሠላሳ አራት ወር ጎህ ሲቀድ የተነሣሁት ለዚህ ነበር። ደሜ ፈላ። አፌን ሳልከፍት ግን የፓምፕ መካኒኩ ሽኩር፣ ያ ሱዳናዊው፣ ብድግ አለ። በነሱ ቋንቋ ሞያ ማለት ውሃ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። «ሞያ ጎደለ? ማነው ያለ? ጉድጓዱ ሙሉ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ነው የለካሁት!» ብሎ ጮኸ። ሰው በሳቅ ወደቀ። እኔም እንባዬ ዓይኔ ላይ እያለ ሳቅሁ።

ሳቁ ግን መላ ሰጠኝ። «አቶ እንግዳው፣ ሽኩር እውነቱን ነው፤ ሞያው ይለካ። የኔም፣ የውሃውም» አልኋቸው። ጎንደር ከመሄዴ በፊት ስድስተኛዋን ማጣሪያ አውጥቼ በርሜል ውስጥ ዘፍዝፌያት ነበር፤ በረኪናው አላገኛትም። ሽኩር መጀመሪያ ከአምስቱ አንዱን ብቻውን አስነሣ፤ 2,350። ከዚያ ስድስተኛዋን ገጠምናት። ውሃው እስኪጠራ ጠበቅን። መለኪያውን ያንብቡት ብዬ ለራሳቸው ለአቶ እንግዳው ሰጠኋቸው። «ሦስት መቶ ሰማንያ አምስት» አሉ ቀስ ብለው።

«እነዚህ የአንድ እናት ልጆች ናቸው» አልሁ፤ «እድሜያቸው አንድ፣ ጉድጓዳቸው አንድ፣ ጠባቂያቸው አንድ። ሞያዬ ጎድሎ ቢሆን ስድስቱም በጎደሉ ነበር።» የመጋዘን ጠባቂዋ አሰበች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ይስማው ዞረች፤ «ለሽንት ቤት ነው ብለህ አምስት ጠርሙስ በረኪና ወስደህ የለ? ስንት ሽንት ቤት አለን?» አለችው። ይስማው ጫማውን እያየ «ሸቶኝ ነው... ለደግ ብዬ ነው» አለ።

አቶ እንግዳው «በቃ ልጄ፣ ነገ ሥራሽ ግቢ» አሉኝ። አልገባም አልኋቸው፤ ስንብቴ ዋርካው ሥር ተነብቧል፣ መመለሴም እዚያው ይነበብ። እማዬ ስትሰማ «ካለው ሰው ጋር አትገታተሪ» ብላ ተቆጣችኝ። ሦስት ቀን ቤቴ ተቀመጥሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ የጨነቀኝ ስለ ራሴ አልነበረም፤ አበባው ጨው ከጠጣ ይረግፋል። ሽኩር ግን ሳልጠይቀው ስድስተኛዋን ቀን ከሌት እያሠራ ዛፎቹን በፈረቃ አጠጣልኝ።

በአራተኛው ቀን አስጠሩኝ። መንበረ ዋርካው ሥር ቆማ፣ በዚህ ጊዜ ቀና ብላ፣ «ወይዘሪት ሰገነት የሞያ ጉድለት እንደሌለባት ስለተረጋገጠ» ከማለቷ ሽኩር እጁን አንሥቶ «ሞያ ታማም!» አለ፤ ውሃው ደህና ነው፣ ሙሉ ነው ማለቱ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ተቀብሎ «ሞያ ታማም!» አለ። ይስማውም አለ፤ ከንፈሩን አይቼዋለሁ። በዚያው ቀን ይስማውን ቀይ ቀለም አስይዤ ገንዳው ላይ «በረኪና ክልክል ነው» ብሎ እንዲጽፍ አደረግሁት። ሽኩር ከሥሩ በዓረብኛ ጻፈው።

አሁን በአንዲት ማጣሪያ ነው ያለን፤ ለሎሚው እንደምንም ይደርሳል፣ ለሽንኩርቱ አይበቃም። ፋብሪካችሁ ሌላ አሮጌ ሲጥል አስብልኝ። መዝገቡንም ለዚያ አለቃህ አሳየው፤ ሦስት ወር አይቆዩም ያላቸው ሠላሳ አራት ወር እንደሠሩ፣ የሞቱትም በእርጅና እንዳልሆነ ንገረው። ስድስተኛዋ ዛሬ ጠዋት 388 ናት።

ትርሐስን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ። የታንጉትን ጉንጭ ንከስልኝ፤ አክስትሽ ሎሚ ተክላ ትጠብቅሻለች በላት። እማዬ ጉልበትህን ያጽናልህ ትልሃለች። አሰበችና መንበረ እጅ ነሥተዋል። ሽኩር ደግሞ ሰላምታውን ሳይሆን ያንኑ ቃል ጻፊለት ብሎኛል፤ ሞያ ታማም።

አበባው አልረገፈም፤ ፍሬ ቋጥሯል።

እህትህ ሰገነት
ኮኪት፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2005 ዓ.ም.