በገናዎን በኮምፒውተር ስቃኝ

ላረፉት አባቴ፣ ለመሪጌታዬ፦

«የመሪጌታ ልጅ ጓዳዋ ውስጥ ንብ ታረባለች አሉ!» ሲባል ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ሰማሁ። መሪጌታው አንቱ ነዎት፣ ልጅዎ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ዱቄቴን ይዤ ቤት እንደገባሁ ጓዳውን ፈተሽኩ። ንብ የለም። በማግስቱ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ለጉንፋናቸው ማር ፈልገው ትንሽ ገንቦ ይዘው መጡ። የለኝም ብል ንፉግ እባላለሁ፤ ከገበያ ገዝቼ ሰጠኋቸው። «ንቦችሽ ይባረኩልሽ» ብለው መረቁኝ።

አባዬ፣ ከተለዩን ሁለተኛው ዐቢይ ጾም ገብቷል። የጉና ብርድ እንደ ድሮው ነው፤ መብራቱም እንደ ድሮው ይጠፋል። ንቦቹን ግን ላስረዳዎት።

በገናዎን እንዳዘዙት እብናት ላለው ደቀ መዝሙርዎ ሰጠነው። ደግ አደረግን፤ ያለፈው ጾም ግን ቤታችን ጸጥ አለ። እማዬ ከቅዳሴ መልስ ጥጧን እየፈተለች፣ በገናው ተሰቅሎበት የነበረውን ምስማር ታያለች። እኔን ደግሞ የባሰ ነገር ገጠመኝ፤ ድምፁን መርሳት ጀመርኩ። ዜማውን አይደለም፣ ያንን ንዝረቱን። በስልክ ልቅዳዎት ስል «ጸሎት አይቀዳም» ብለው ከልክለውኝ ነበር፤ ትእዛዝ አክባሪ ልጅ ስላሳደጉ በእጄ ምንም የለም።

ስለዚህ ከባዶ ልሠራው ተነሣሁ። ኮምፒውተሬ ላይ ሲንተሳይዘር የሚሉትን ፕሮግራም ጫንኩ። ድምፅ የሚሠራ ነገር ነው፤ ሞገድ ይመርጡለታል፣ ከዚያ በመዘውር ያቀጥኑታል፣ ያወፍሩታል። መዘውሩ አያልቅም። አንዱን ሲነኩት ወደ ሌላው ይመራዎታል፣ ሌላው ወደ ሦስተኛው፤ ልክ እንደ መሥሪያ ቤት ጉዳይ። ልዩነቱ፣ ይህኛው ምሳ አይወጣም።

ክረምቱን ሙሉ ታግዬ አንድ ድምፅ ወጣልኝ። ጥርት ያለ፣ ኩልል ያለ፣ የሚያጉረመርም ነገር ሁሉ ተጠርጎ የወጣለት። ኮርቼ ለእማዬ አሰማኋት። ከእንዝርቷ ቀና እንኳ ሳትል «ስልክሽ ይጮኻል፣ አንሺው እንጂ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው አንቱ ትዝ ያሉኝ። ጾም ሲገባ በገናውን ከምስማሩ አውርደው፣ በየአውታሩ ሥር ቁራጭ ቆዳ እየከተቱ፣ በጥፍርዎ የፀጉር ታህል ገፋ፣ መለስ ሲያደርጓት። እኔ ዝማሬው ቶሎ እንዲጀመር እቁነጠነጣለሁ። «ቆይ ልጄ፣ አውታሩ እንጨቱን ይሳመው እንጂ አይንከሰው» ይሉኝ ነበር።

እኔ ለወራት ጠርጌ የጣልኩት ማጉረምረም፣ ለካ አንቱ ዕድሜ ልክዎን በጥፍርዎ ሲፈልጉት የኖሩት ነው። ፊዚክስ ሳስተምር ስለ ሞገድ ብዙ አውርቻለሁ፤ እንዲህ የሚገባ ነገር ግን የተናገርኩ አይመስለኝም። ተመልሼ የሞገዱን ጫፍ የሚቆርጠውን መዘውር ያዝኩ። ሲበዛ ይነክሳል፤ ሲያንስ ስልክ ይሆናል። መካከል ላይ አንዲት ጠባብ ቦታ አለች። ሰፈሩ ንብ ያለው እሷን ስፈልግ የሰማውን ነው።

ባለፈው እሑድ እንደገና ለእማዬ አሰማኋት። እንዝርቷን አስቀመጠች። ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ፣ ድምፁ እስኪሞት ድረስ አዳመጠች። ከዚያ «ሦስተኛዋ አውታር ጠብቃለች» አለች። «አባትሽ እንዲህ አያጠብቋትም ነበር።»

አላላኋት።

«እንዲያ!» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እኔም ያላየሁ መሰልኩ። ስልክ ስትለኝ የነበረች ሴት እንደ በገና ደርዳሪ አረመችኝ። ከዚህ የሚበልጥ ሹመት አልጠብቅም።

አመሰግንዎታለሁ አባዬ። ዜማ ስላስተማሩኝ አይደለም፤ እሱስ አልገባልኝም፣ አንቱም በትዕግሥት ዝም አሉኝ። ሲቃኙ አጠገብዎ ስላስቀመጡኝ ነው። ለካ ትምህርቱ እሱ ነበር። እኔ ገና ያልተጀመረ መስሎኝ እጠብቃለሁ።

ከእንግዲህ እንደ ሥርዓትዎ ከጾም ውጭ አልነካውም። ለትንሣኤ አውታሩን አላልተው እንደሚሰቅሉት እኔም እዘጋዋለሁ፤ ጾም ሲገባ እከፍተዋለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድምፅዎ ከዚህ ቤት አይጠፋም፤ አደራው የኔ ነው።

ፕሮግራሙ የሙከራ ነው፤ ሲዘጋ የተሠራውን ድምፅ አያስቀምጥም፤ ስለዚህ በየጾሙ እንደ አንቱ ከአዲስ እቃኘዋለሁ።