ያዮ ድረስ የተሄደለት ሽቶ

ረቡዕ

ይሄ ደግሞ ሽቶ ነው እንዴ! ስሙ ያው፣ ጠርሙሱ ላይ የተሳለው ነጭ አበባ ያው፤ ከሥሩ ግን «አዲስ ቅመም» ይላል። ባለሱቁ ጋሼ ነስሩ «የዘመኑ ሰው ቀለል ያለ ነው የሚወደው» አሉኝ። «እማዬ የዘመኑ ሰው አይደለችማ!» ብዬ አሳቅኳቸው።

እማዬ ስትዳር የተቀባችው ይሄንን ነበር። እሁድ እህቴ ሌንሴ ስታገባም እሱኑ እንድትቀባ ትፈልጋለች። ወስጄ አስሸተትኳት። «ሎሚ የነካው ውሃ» አለችና ፊቷን አዞረች።

ሐሙስ

ጉድ ሠራሁ! ጋሼ ነስሩ ለጌጥ ያስቀመጡትን አሮጌ ባዶ ጠርሙስ ለምኜ፣ አዲሱን ገለበጥኩበት። «መጋዘን ውስጥ አንድ ተገኘ» አልኳት። እጇ ላይ ነካ አድርጋ፣ «እሱ ነው! የያዮ ቡና ሲያብብ የሚሸተው!» ብላ አገላብጣ ሳመችኝ። ውስጤ በሳቅ ፈረሰ።

ከምሳ በኋላ ግን እጇን ደጋግማ ስታሸት አየኋት። ሽታው ጠፍቷል። «አፍንጫዬም አረጀ ማለት ነው» አለች፣ ቀስ ብላ። ሳቄ ደረቀ።

ዓርብ

ያዮ፣ የአጎቴ ቶላ የቡና ጫካ፤ እማዬ ያለችውን የአበባ ሽታ ፍለጋ መጣሁ። ቡናው ነጭ ለብሷል፣ ሽታው ያሰክራል! አንድ ዘለላ ልቀጥፍ ስል አጎቴ ጮኸ፦ «አንተ! አበባውን ወስደህ እኔ ምን ልልቀም? አንሶላ አንጥፍና የሚረግፈውን ጠብቅ!» የአበባ ዘበኛ ሆኜ ዋልኩ።

ቅዳሜ

ትምህርት ያቆምኩት ኬሚስትሪ ሳይደርስብኝ ነው፤ ቅቤ ግን ያገኘውን ሽታ ሁሉ እንደሚይዝ አውቃለሁ። አንዴ ከነጭ ሽንኩርት ጋር አስቀምጬ ተገርፌበታለሁ። ትናንት ማታ አበባውን ለጋ ቅቤ ውስጥ ቀበርኩት። ጠዋት ስከፍተው... ኧረ ጉድ!

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። «አንተ ቀጣፊ!» ጫማዋ ጆሮዬን ስቶ አለፈ። ከዚያ ቅቤውን አሸተተች።  ሁለተኛውን ጫማ አልወረወረችም።

እሁድ

ቅቤው ለሌንሴ ፀጉር፣ አዲሱ ሽቶ ለአንገቷ። ሚዜዎቹ «ከየት ነው የገዛችሁት?» እያሉ አስጨነቁን። «ከፓሪስ፣ በያዮ በኩል» አልኳቸው።

እማዬ ሙሽራዋን አቅፋ ቆየች። «እሱ አይደለም» አለችኝ። 

የሙሽሮቹ መኪና ከሄደ ቆየ። እማዬ ሌንሴ የተደገፈችበትን የነጠላዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ በር ላይ ተቀምጣለች።

«አሁንም ይሸታል» አለች። «አፍንጫዬስ ደህና ነው፤ ጋሪዳ! ጥሩ ነው!»