ሰው ፊት የማይነገር ማሳ

ረቡዕ፣ ሰኔ 11፤ ቡታጅራ

እናቴ የድጎማ ማዳበሪያዋን ዛሬ አገኘች። አልሐምዱሊላህ። ልቤ ግን ገና አልረጋም።

ባለፈው ሳምንት ስሟ ከቀበሌው ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ጥፋቱ የራሷ ነው። በምዝገባው ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ምን እንደምታርስ ቢጠይቋት፣ «ከጓሮ እንሰት በቀር ምን አለኝ?» አለች። ያላትን ሰው ፊት መዘርዘር ዓይን ውስጥ ያስገባል ብላ ነው። እንሰት ደግሞ የከብት ፍግ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ዘለሏት። ያለ ማዳበሪያ በርበሬ የለም፤ ያለ በርበሬ ደግሞ የምትሸጠው የላትም።

ትናንት የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ዝርዝሩን ልታጣራ በጭቃ በእግሯ መጣች። ከእንሰቱ ጀርባ ለበርበሬ የታረሰውን ማሳ አየች።

«እማማ፣ ይሄስ?»

«ትንሽ ናት፣ ልጄ።»

«ትንሽ!» ብላ ሳቀች፤ ጻፈችም።

ስትወጣ እናቴ ቆጮ ሰጠቻት። አልቀበልም ብትል፣ «ጉቦ የሚሆነውማ ሳትጽፊ ብሰጥሽ ነበር» አለቻት።

ያቺ ልጅ ባትመጣ ኖሮስ? ዛሬ ማዳበሪያውን ጎተራ ስናስገባ ይህን እያሰብኩ፣ የማሳው ስፋት ስንት እንደሚሆን እናቴን ጠየቅኋት። ግራ ቀኝ አየች። ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም።

«ትንሽ ናት» አለችኝ።