በዘጠነኛው ቤት ጻፉን

ቀየት፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፤

ከብርዱም ከወሬውም ቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስህ። እንዴት ከረምክ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ልጄ ምስክር ሰባት ዓመት ሞላው ብለህ ስትጽፍልኝ ጣቴን አጥፌ ቆጠርኩና፣ ወይ ጊዜ! አልኩ። እኔ አለሁ። ጥርሴን ከመታመሜና በልጉ ከመቅረቱ በቀር ደህና ነኝ። በጎቹ ግን ከስተው ጸጉራቸው ብቻ ነው የቀረው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በወሩ ነው። ስልኩ ከጠፋ ቆይቷል። መንገዱም አንድ ቀን ሲከፈት ሦስት ቀን ይዘጋል፤ ሚኒባሶቹ መሐል ሜዳ ቆመው ይሰነብታሉ። ይኼኛውን ጎረቤቴ ጌታነሽ ለዓይኗ ሕክምና ደብረ ብርሃን ስትሄድ ይዛልኝ ትወጣለች። እኩለ ቀን ላይ ስለምትነሣ ከዚያ በፊት መጨረስ አለብኝ፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር በለኝ።

አስቀድሜ መርዶ ልንገርህ። አባዬ ዐረፉ። የዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ነው። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ፤ ታዲያ በምን ልንገርህ? አንተ "የአባታችንን የትውልድ ቆጠራ አስፈርመሽ ላኪልኝ፣ ለማኅበሩ መጽሐፍ ይፈለጋል" ብለህ በጻፍክ ጊዜ አርባቸው ወጥቶ ነበር።

"አባታችን" ማለትህን አየሁ። "እህቴ" ማለትህንም። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትስት እህቴ ትለኛለህ፤ እኔም ወንድሜ እልሃለሁ። ጨዋ ልጆች ነን፣ የተነገረንን እንይዛለን።

ስለ ትምህርት ቤቱ የጠየቅከኝን ልመልስልህ። የዘውድ ቤት ተወላጆች ማኅበራችሁ ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ መግባባት አቃተው አልከኝ። ግማሹ፣ የንጉሥ ዘር መንግሥት ትምህርት ቤት ገብቶ ከሕዝቡ ልጅ ጋር ይማር፣ ዘውድ በዛሬ ጊዜ ቦታ የሚኖረው ሕዝቡ ሲያውቀውና ሲወደው ነው ይላል። ግማሹ ደግሞ፣ ለብቻው በአስተማሪና በሥርዓት ይደግ፣ እንደ ማንም ከሆነማ ምኑን የንጉሥ ልጅ ሆነ ይላል። አንተ መሐል ቆመህ ልጅህን የት እንደምታስገባው ጨንቆሃል። "አንቺ መምህርት ነሽ፣ ምን ትያለሽ?" አልከኝ።

ምን ልበልህ? ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ነው ተባልን። ዴስኩ ተማግዷል፤ ማን ማገደው አትበለኝ፣ የበረደው ሁሉ ነው። ቆርቆሮው ተበሳስቶ ዝናቡ የሚወርደው ክፍሉ ውስጥ ነው። እኔ ሰኞ ሰኞ ሄጄ በሩን ከፍቼ እቆማለሁ። መጀመሪያ ላይ ዐሥራ ምናምን ልጅ ይመጣልኝ ነበር፤ በኋላ አራት ሆኑ። ከፋሲካ ወዲህ ማንም አልመጣም። እናንተ ይግቡ አይግቡ እያላችሁ ስትከራከሩ እኔ እዚህ ሆኜ የምጠይቃችሁ፣ የቱ ትምህርት ቤት? ነው።

ደግሞስ የንጉሥ ልጅ የምትሉት ማንን ነው? ሳይዘጋብን በፊት አምስተኛ ክፍሎቼን፣ ቤታችሁ ጠይቃችሁ ትውልዳችሁን ቁጠሩልኝ ብያቸው ነበር። የመንዝ ልጅ መቼም መቁጠር ይወዳል። ከአርባ ሰባቱ ሠላሳ ስምንቱ እየተነሡ ሲቆጥሩ፣ አንዱ በስምንተኛው ቤት፣ አንዱ በዘጠነኛው፣ አንዱ በዐሥረኛው፣ ሁሉም ንጉሥ ጋ ደረሱ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ደብተር የሌለው አለ፣ ቁርሱን ያልበላ አለ፣ ሁሉም የንጉሥ ልጅ! ማኅበራችሁ ያን ቀን እዚህ ቢሰበሰብ ወንበር አይበቃውም ነበር። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ አርሴማ ግን ተራዋ ሲደርስ ብድግ አለችና፣ ቲቸር፣ የኔ ቁጥር እናቴ ጋ ያልቃል ብላ ተቀመጠች። አንደኛ የምትወጣው እሷ ነበረች። ጥር ላይ ዳሯት። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቱ ክፍት ቢሆን እናቷ እግር ላይ ወድቄ አስቀራት ነበር፤ አሁን በምን አፌ? ምን ላደርግላት?

እንግዲህ እዚህ የንጉሥ ልጅ ሁሉ መንግሥት ትምህርት ቤት ነው ያደገው። ለብቻው ያደገ አንተን ብቻ ነው የማውቀው። አያትህ እሜቴ ጥሩሸዋ፣ ዙፋኑን ያወረዱ ሰዎች በሠሩት ክፍል የኔ ልጅ አይቀመጥም ብለው እስከ ዐሥራ አንድ ዓመትህ ከመሪጌታ መልከ ጼዴቅ ጋር እልፍኝ ውስጥ ዘጉብህ። በኋላ መሪጌታ ራሳቸው፣ ልጁ ከሰው ጋር መነጋገር አልቻለም፣ ይታመምብዎታል ብለው ነው ያስለቀቁህ። የመጣህ ቀን ትዝ ይለኛል። ኮትህ ተተኩሶ፣ ጸጉርህ በውኃ ተለጥፎ፣ በር ላይ ቆመህ ተቀመጥ እስክትባል ትጠብቃለህ። የሚልህ የለም። ያኔ የምንቀመጠው የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ነበር፤ ፈቀቅ ብዬ ቦታ ሰጠሁህ። እግዜር ይስጥልኝ ብለኸኝ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብህ። እኔም ስቄያለሁ፤ አሁን ልናዘዝ።

እሜቴ ያኔ፣ ከገበሬ ልጅ ጋር አንድ ግንድ ላይ የተቀመጠ ነገ አንድ መደብ ላይ ልተኛ ይላል ብለው ነበር አሉ። እውነታቸውን ነው። እዚህ ላይ ማንም እንደሳቸው አርቆ አላየም።

የሽማግሌውን ቀን ታውቀዋለህ፤ ግን አንተ አልነበርክም፣ እኔ ከጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። አያትህ ስድስት ወር እንቢ ብለው፣ አንተ እህል አልበላም ስላልክ ነው የላኩልህ። ጋሽ ይሥሐቅ የሽማግሌዎቹ አፍ ሆነው ተነሡና፣ እኛ እንኳ ለልጁ ብለን ወርደን ነው የመጣን አሉ። ወርደን! አባዬ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ አመላቸውን አውቀዋለሁ። ማን ወደ ማን ወረደ? አሉ። እኔ ወዳጆ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠይቃችሁ ነው የመጣችሁ? ብለው መቁጠር ጀመሩ።

እንደ ሰው ሁሉ ቢቆጥሩ በዘጠነኛው ቤት ንጉሥ ጋ ይደርሱ ነበር፤ እኛም አንደኛችን ከሌላው አይከለከልም ነበር። ግን ዘጠነኛው ላይ መንዝ በሙሉ አለ፤ እሱን ብሎ እናንተን ማን ያሳፍራል? እሳቸው ቅርብ መሆን ፈለጉ። የናንተ ዘር የሚቆጠርባቸው ደጃዝማች፣ እስከዳር የምትባል ሴት ልጅ ነበረቻቸው፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደች፣ እኔ ከሷ ነኝ አሉና በስድስተኛው ቤት ገቡ። መሪጌታ መልከ ጼዴቅ ጣታቸውን እያጠፉ ባንተም በኔም በኩል ቆጠሩ። ሲጨርሱ፣ ሰባት ቤት አልሞላም፣ ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያን አታጋባቸውም አሉ። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ተነሡ።

አያትህ ዘንድ ሄደው እውነት ነው ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ አዎን፣ እስከዳርን እናቴ ስታነሣት ሰምቻለሁ ማለታቸውን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ፤ ፊትህ ነው ያሉት። በሳምንቱ አዲስ አበባ ሄድክ። የመጀመሪያው ደብዳቤህ "ውድ እህቴ" ብሎ ነው የጀመረው። ቀንቼብሃለሁ፣ እንዴት ቶሎ ቻለ ብዬ።

እኔ አልቻልኩም። በሕልሜ እየመጣህ አስቸገርከኝ። ወንድሜን ተመኘሁ፣ ምን ዓይነት ርኩስ ነኝ ብዬ ለመሪጌታ ተናዘዝኩ፤ ስገጂ አሉኝ፣ ሰገድኩ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መጣልኝ፤ በዚህ ኃጢአቴ የሰው ቤት አልገባም ብዬ መለስኳቸው። ሰባት ዓመት ሰገድኩ። አሁን ጉልበቴን የሚያመኝ ከዚያ ይመስለኛል።

እሜቴ ሊያርፉ ሲሉ አስጠርተው ዳዊት ያስነበቡኝን ጽፌልህ ነበር። ዘመዴ ነሽ እያሉ እጄን ሳሙኝ። ሩኅሩኅ መስለውኝ አልቅሼላቸዋለሁ። ነፍሳቸውን ይማር ብዬ ልለፍ፤ ዛሬ ከዚህ በላይ አልችልም።

አሁን ወደ ቆጠራው ልመለስ። አባዬ ባረፉበት ዋዜማ፣ የንስሐ አባታቸው ከመምጣታቸው በፊት፣ በሩን ዝጊው አሉኝ። ዘጋሁት። እስከዳር የምትባል ሴት አልነበረችም አሉ። ስሙ በጨቅላነቷ የሞተች እህታቸው ስም ነው፤ ያን ቀን በንዴት አፋቸው ላይ መጣላቸው። ታዲያ ለምን አላነሡትም? አልኳቸው። ሰባት ሽማግሌ ፊት ዋሽቻለሁ ልበል? አሉኝ። ደግሞ ልባቸው በአያትህ ኩራት ተማምኖ ነበር። እሜቴ ከኔ ጋር መዛመድን ሞታቸው አድርገው ያዩታል፣ ነገ ውሸት ነው ብለው ያፈርሱታል፣ እኔ ተዋርጄም ቢሆን ልጄ ታገባለች ብለው ሲጠብቁ አደሩ። እሜቴ ግን ሰምቻለሁ አሉ። አባዬ ይኼን ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንደ ሕፃን ዓይን ፈጦ ነበር። እኔ የፈጠርኳትን ሴት እሳቸው ከማን ሰሟት? አሉኝ። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ይቺን ነገር ብቻቸውን ይዘዋት ኖሩ።

ምን እንዳልኳቸው ታውቃለህ? ውኃ ላምጣልዎት አልኩና ወጣሁ። ጓሮ ቆሜ ቆየሁ። ስመለስ በር በሩን ያያሉ። ውኃውን አጠጣኋቸው፣ ጋቢውን አለበስኳቸው፣ እግራቸውን አሸሁላቸው። የሚጠብቋትን አንዲት ቃል ግን አልሰጠኋቸውም። ነገ እላቸዋለሁ ብዬ ነበር። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ዐረፉ። አሁን መቃብራቸው ላይ ሄጄ ይቅር ብዬዎታለሁ እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል?

ዘውዱ ዛሬ ቦታው የት ነው እያላችሁ ስትጨቃጨቁ ትውላላችሁ። እኔ አንድ ቦታውን አውቀዋለሁ፤ ሌላ ካለው እናንተ ፈልጉት። ከወረደ ሃምሳ ዓመት አልፎት፣ ግብር የሚያስገባለት ጭሰኛ፣ የሚፈርድበት ችሎት ሳይኖረው፣ ከአንዲት ጎጆ ገብቶ አንዲት ሴት ለማጥፋት ኃይል አላነሰውም።

ምስክርን የት ላስገባው ላልከው፣ መንግሥት ትምህርት ቤት አስገባው። አያትህ የፈሩት ይድረስበት። አጠገቡ ማን እንደምትቀመጥ አትምረጥለት። አንድ ቀን መጥቶ ስሟን የነገረህ እንደሆነ ደግሞ፣ በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ፣ ቁጭ ብለህ ቤት አትቁጠርበት።

የአባዬን ፊርማ አልልክም፤ የለም። እኔም በሳቸው ፈንታ አልፈርምም። እስከዳርን ከመጽሐፋችሁ አውጧት። እኛን በዘጠነኛው ቤት ጻፉን፣ ከአርባ ሰባቱ ልጆቼ ጋር፣ ከመንዝ ጋር። ለሰዎቹ ለምን እንደሆነ መንገር የለብህም። አንተ መቁጠር ታውቃለህ።

ለባለቤትህ አታሳያት ብዬ አልለምንህም፤ የቤትህን አንተ ታውቃለህ። እሷ ምንም አላጠፋችም። መልስም አልጠብቅም፤ ቢመጣም መንገድ ላይ የሚያልቅ ይመስለኛል። ጌታነሽ በሩ ላይ ቆማ ጨርሺ እያለችኝ ነው።

እግዚአብሔር ምስክርን በጤና ያሳድግልህ፣ ፊደሉን ይግለጥለት፣ ከሳቁበትም ጋር አብሮ የሚስቅ ያድርገው። ቤትህን ይጠብቅልህ። ለኔ የምትመኝልኝ ካለህ፣ ሰኞ አንድ ልጅ ይምጣልኝ በልልኝ።

እስከዛሬ እዚህ ላይ "እህትህ" ብዬ ነበር የምፈርመው። ዛሬ እጄ እንቢ አለኝ።

አንድ ግንድ ላይ ፈቀቅ ብላ ያስቀመጠችህ